ኢንተርሴፕተርን ካፌ ሬሰር ለማድረግ ግራይንደር አያስፈልግህም

ጥያቄ፦ «ሁለተኛ እጅ የገዛሁት ሮያል ኢንፊልድ ኢንተርሴፕተር 650 ሞተር ሳይክል አለኝ። 14,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ምንም ችግር የለበትም። ካፌ ሬሰር ላደርገው ወስኛለሁ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ የፍሬሙን ጭራ በግራይንደር ቆርጬ አጭር መቀመጫ አስገጥማለሁ። የአየር ማጣሪያ ሳጥኑን አውጥቼ በቦታው ሁለት ኮን ፊልተር (ሾጣጣ ማጣሪያ) አስገባለሁ። መሪውን ክሊፕ ኦን በሚባለው ዝቅ ያለ መሪ እቀይራለሁ። ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሽቦና ቱቦ ስለሚያበዛ እሱንም አወጣዋለሁ። ይህን ሁሉ ካደረግኩ ምን ያህል ይፈጥናል? ከየቱስ ልጀምር? ብየዳ የሚችል ጓደኛ አለኝ፣ ጊዜም አለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ በመቁረጥ አትጀምር። ካሰብካቸው አራት ሥራዎች አንዱን ብቻ ሥራ፤ እሱም መሪውን ዝቅ ማድረግ ነው። ሦስቱን ተዋቸው። ፍጥነትን በተመለከተ፣ ያልከውን ሁሉ ብታደርግ ሞተሩ አሁን ካለው ብዙም አይፈጥንም። ባልተስተካከለ ነዳጅ እንዲያውም ሊደክም ይችላል። ካፌ ሬሰር ይወጣዋል ወይ ካልከኝ ግን በደንብ ይወጣዋል። ከኢንተርሴፕተር የተሻለ መነሻ ማግኘት ከባድ ነው። መንገዱ ነው አንተ ካሰብከው የሚለየው።

ከስሙ እንነሳ፤ ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ዛሬ ካፌ ሬሰር ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ጭራው የተቆረጠ፣ ቡናማ የቆዳ መቀመጫ ያለው፣ የጭስ ማውጫው በጨርቅ የተጠቀለለ ሞተር ነው። የመጀመሪያዎቹ ግን እንዲህ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ሮከርስ የሚባሉ ወጣቶች በመንገድ ዳር ካፌዎች ይሰበሰቡ ነበር። ከካፌዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ለንደን፣ ኖርዝ ሰርኩላር መንገድ ላይ ያለው ኤስ ካፌ ነው። በ1938 ተከፈተ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቦምብ ተመታ፣ በ1949 እንደገና ተሠራ፣ በ1969 ተዘጋ። ዛሬ ደግሞ ተመልሶ ተከፍቷል። የእነዚያ ልጆች ሕልም በሰዓት 100 ማይል መምታት ነበር፤ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

የዚያ ዘመን ቁንጮ ትራይተን የሚሉት ነበር። የትራያምፍ ሞተር አውጥተው ኖርተን ፍሬም ውስጥ ይከቱታል፤ ስሙም የሁለቱ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ስም ድብልቅ ነው። ለምን ተደከመ? የትራያምፉ ሞተር ጉልበት ነበረው። ፌዘርቤድ የሚባለው የኖርተን ፍሬም ደግሞ ኩርባ ላይ አይዋዥቅም። ፌዘርቤድ ማለት የላባ ፍራሽ ነው፤ በ1950 ለውድድር ብቅ ሲል የነዳው ሰው የላባ ፍራሽ ላይ እንደመቀመጥ ነው ስላለ ወጣለት። ልብ በልልኝ፤ ልጆቹ ፍሬም የቀየሩት የተሻለ ፍሬም ስላገኙ ነው። መሪ ያወረዱት ደረታቸው ንፋስ እንዳይሰበስብ ነው። የማይረባውን ብረት የፈቱት ክብደት ለመቀነስ ነው። መልኩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አንተ ሞተር እንምጣ። 648 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ 47 የፈረስ ጉልበት፣ ስድስት ማርሽ። ምንም ሳይነካ 160ን ያልፋል። ፍሬሙ ላይ የሠሩት ሀሪስ ፐርፎርማንስ ናቸው፤ ለውድድር ሞተሮች ፍሬም በመሥራት ስም ያተረፉ እንግሊዞች። እነዚያ ልጆች በስንት ልፋት የገጣጠሙትን አንተ ከፋብሪካ ተቀብለሃል ማለት ነው።

ደግሞ አንድ ያላየኸው ነገር አለ። ሮያል ኢንፊልድ ኮንቲኔንታል ጂቲ 650 የሚባል ሞተር ይሸጣል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2018 አብረው ነው የወጡት። ሞተሩም የፍሬሙ መሠረትም ከአንተው ጋር አንድ ነው። የጂቲው መሪ ክሊፕ ኦን ነው፣ የእግር ማሳረፊያው ወደ ኋላ ተስቧል፣ መቀመጫው ሌላ ነው። ታንኩ ረዘም ቀጠን ብሎ 12.5 ሊትር ይይዛል፤ የአንተ 13.7 ነው። በቃ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህንን ሞተር ካፌ ሬሰር ሲያደርገው ፍሬሙን አልቆረጠም፣ የአየር ሳጥኑን አላወጣም፣ ኤቢኤሱን አልነካም። የነጂውን አቀማመጥ ነው የቀየረው።

ካፌ ሬሰር አቀማመጥ ነው የምለው ለዚህ ነው። እጅህ፣ መቀመጫህና እግርህ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ያንን ሦስት ማዕዘን ወደፊትና ወደታች ስታዞረው ሞተሩ ካፌ ሬሰር ይሆናል። ሳትዞረው ጭራውን ብትቆርጥ ጭራው የተቆረጠ ኢንተርሴፕተር ነው የሚሆነው።

መሪው ላይ ቆም እንበል፤ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ነው። ክሊፕ ኦን ከላይ በአንድ ዘንግ እንደሚያያዘው መሪ አይደለም። ሁለት የተለያዩ እጀታዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ፎርክ (የፊት ጎማውን የያዘውን ቱቦ) አንቆ ይይዛል። የአንተ ፎርክ ውፍረቱ 41 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ከእኔ ሰምተህ ብቻ አትግዛ። በካሊፐር ራስህ ለካ፣ የሚያንቅበትንም ቦታ ለይተህ ለካ። አንድ ሚሊ ሜትር የሰፋ ማነቂያ ብሎኑን አጥብቀህ የያዘ ይመስልሃል። ኃይለኛ ፍሬን ስትይዝ ግን ክብደትህ በሙሉ እጀታው ላይ ያርፋል፣ ያኔ ይዞራል።

ከላይኛው የፎርክ ማያዣ በላይ ወይስ በታች ይታሰር? ለመጀመሪያ ጊዜህ በላይ ይሁን። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለእጅ አንጓህ ግን ትልቅ ነው። ዝቅ ያለ መሪ የሚመቸው ንፋሱ ደረትህን ሲደግፈው ነው፤ ያ ደግሞ የሚሆነው ፈጠን ስትል ነው። በከተማ ፍጥነት ንፋሱ አያግዝህም፤ የላይኛው ገላህ ክብደት እጅህ ላይ ይወድቃል። ግማሽ ሰዓት መጨናነቅ ውስጥ ከነዳህ ጣትህ ይደነዝዛል። በሆድና በጭን ጡንቻ መያዝ ይለመዳል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ክሊፕ ኦኑን ካሰርክ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙር። ጓንትህን አድርገህ፣ እጀታውን ጨብጠህ። አውራ ጣትህ ታንኩ ላይ ከተጣበቀ እጀታው ቦታው ትክክል አይደለም። በጣትህና በታንኩ መካከል ቢያንስ የአንድ ጣት ክፍተት ይኑር። የፍሬን ዘይት ዕቃው አግድም መቀመጡን እይ፤ ካጋደለ አየር ሊስብ ይችላል። የፍሬን ቱቦውን እይ፤ መሪው ዳር ሲደርስ መወጠር የለበትም፣ መታጠፍም መቆልመምም የለበትም። የድሮው መሪ ከፍ ያለ ስለነበረ ካቦዎቹ አሁን ይረዝማሉ። የተረፈውን ጠቅልለህ በፕላስቲክ ማሰሪያ አትሰረው። አጠር ያለ ካቦ ግዛ ወይም መንገዱን ቀይርለት።

ለምን እንደማጠብቀው ልንገርህ። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ክሊፕ ኦን የገባለት ሞተር ይዞ መጣ። ቅሬታው «ሲፈልገው በራሱ ጋዝ ይሰጣል» የሚል ነበር። ሌላ ቦታ ኮምፒውተሩን አስፈትሾ ነበር፣ ሴንሰርም አስቀይሮ ነበር። ሞተሩን በቆመበት አስነሳሁትና መሪውን ቀስ ብዬ ወደ ግራ አዞርኩ። ምንም የለም። ወደ ቀኝ አዞርኩ። ሦስት አራተኛው ላይ ስደርስ ድምፁ ከፍ ማለት ጀመረ፤ ዳር ሲደርስ ጮኸ። የጋዙ ካቦ ከፎርኩ ጀርባ ማለፍ ሲገባው በፊት በኩል ዞሮ ነበር፤ መሪው ሲዞር ይስበዋል። ልጁ በዚያ ሞተር ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞር ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ነበር። ያስተካከልኩት በሃያ ደቂቃ ነው፤ ያወጣሁት ዕቃ የለም። አንተም መሪ በነካህ ቁጥር ይህችን ሙከራ አድርግ። ሞተሩ በሥራ ላይ፣ ማርሽ ነጻ፣ መሪው ከዳር እስከ ዳር። ድምፁ ንቅንቅ ካለ ከጋራዡ አትውጣ።

መሪው ከወረደ እግርህም ወደ ኋላ መሄድ አለበት። አለበለዚያ ወገብህ ይታጠፍና እግርህ ወደፊት ይቀራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወገብህ ይነግርሃል። ሪርሴት የሚባለው የእግር ማሳረፊያውን ከነፔዳሉ ወደ ኋላና ወደ ላይ የሚወስድ ዕቃ ነው። የጂቲውን ኦሪጅናል ዕቃ ፈልግ፤ ከመግዛትህ በፊት ግን የዕቃ ቁጥሩን በሞተርህ የምርት ዓመት አመሳክር። ከገጠምከው በኋላ ሦስት ነገር እይ። የማርሽ ፔዳሉ ከዘንጉ ጋር ቀጤ ማዕዘን ሲሠራ ነው ማርሹ ጥርት ብሎ የሚገባው። የኋላ ፍሬን ስትረግጥ የኋላው መብራት መብራቱን አረጋግጥ፤ ስዊቹ ብዙ ጊዜ በዚህ ሥራ ይረሳል። ስትለቀው ደግሞ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ መላቀቁን እይ። ፔዳሉ ትንሽ ተጭኖ ከቀረ ዲስኩ ይግላል፣ መንገድ ላይም ጎማው ሊቆለፍ ይችላል።

አሁን ማንም የማይጠይቀኝን፣ ግን ከሁሉ በላይ የሚሠራውን ልንገርህ። ሞላ፣ ማለትም ስፕሪንጉ። አቀማመጥህ ወደፊት ሲሄድ ክብደትህም ወደፊት ይሄዳል። ፎርኩ ድሮ ባልተሸከመው ክብደት ይሰምጣል። የኢንተርሴፕተር ፎርክ ጠቅላላ ጉዞው 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኋላው 88 ብቻ ነው። ብዙ የሚባክን የለህም። መለኪያው ቀላል ነው። የፊት ጎማው ከመሬት እስኪነሳ አስነሳውና የሚያብረቀርቀውን የፎርክ ክፍል ለካ። አውርደህ፣ ሙሉ ልብስህን ለብሰህ፣ በአዲሱ አቀማመጥ ተቀመጥ፤ ሰው ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይያዝልህና ሌላ ሰው እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ከጠቅላላው ጉዞ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሲሆን ጥሩ ነው፤ በአንተ ፎርክ ወደ 35 ሚሊ ሜትር። 50 ከሆነ ሞላው ለአንተ ለስላሳ ነው። ጠንከር ያለ ሞላና አዲስ የፎርክ ዘይት አስገባ። ከኋላም ሁለቱን ሾክ አብዞርበሮች በተሻለ ቀይር። ይህ ሥራ ፎቶ ላይ አይታይም። ኩርባ ላይ ግን ከየትኛውም ማርሚታ የበለጠ ያፈጥንሃል፤ ምክንያቱም ፍሬን የምትይዘው ዘግይተህ፣ ጋዝ የምትሰጠው ቀድመህ ይሆናል።

ወደ ግራይንደሩ እንሂድ። እኔም ቆርጫለሁ፣ ያውም በልበ ሙሉነት። የመጀመሪያው የቆረጥኩት ሞተር ጭራው ሲያጥር አምሮ ነበር። አዲሱን ግማሽ ክብ ቱቦ በየድኩ፣ መቀመጫ አሰፋሁ፣ ቀለም ቀባሁ። በሁለተኛው ቀን አንድ ጉድጓድ ላይ ጓ አለ። ስወርድ የኋላው መብራት ሽቦ ተበጥሷል፣ የመቀመጫው ሥር በጎማው ተፍቆ ጠቁሯል። ጎማው እስከ ላይ ሲጨመቅ የት እንደሚደርስ አልለካሁም ነበር። ሾክ አብዞርበሮቹን ፈትቼ ጎማውን በእጄ ወደ ላይ ብገፋው አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነበር። ያ ሽቦ በጨለማ መንገድ ቢበጠስ ከኋላዬ የሚመጣው መኪና አያየኝም ነበር።

ከሾክ አብዞርበሩ የላይኛው ማሰሪያ ወደ ኋላ ያለው የፍሬም ክፍል መቀመጫውንና የኋላ ሰው የሚሸከም ነው። ከማሰሪያው ወደፊት ያለው ደግሞ ጎማው የሚልከውን ምት ሁሉ ይቀበላል። ወደፊት ያለውን ምንም ቢሆን አትንካ። ወደ ኋላ ያለውን መቁረጥ ይቻላል፣ የሚሠሩት አሉ። ግን የሚተካው ቱቦ ውፍረቱ ተመሳሳይ መሆን አለበት፣ መጋጠሚያው ላይ ውስጡ ሌላ ቱቦ ገብቶ መበየድ አለበት፣ በያጁም ቀጭን ቱቦ በአርጎን የሚበይድ መሆን አለበት። የበር ብየዳ የሚችል ጓደኛ ለዚህ አይበቃም፤ ጓደኛህን ልንቅ አይደለም፣ ሥራው ሌላ ስለሆነ ነው። ከመበየዱ በፊት ባትሪው ይነቀላል፣ የኮምፒውተሩና የኤቢኤሱ ሶኬት ይነቀላል፣ የብየዳው መሬት ሽቦ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰራል። ይህ ከተዘለለ የብየዳው ኤሌክትሪክ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያልፋል። በተጨማሪም ከመቀመጫው ሥር የሚያልፉ ሽቦዎች አሉ። ጭራው ሲያጥር እነሱ ሌላ ቤት ይፈልጋሉ። ብዙ የተቆረጠ ሞተር በግማሽ ቀርቶ ጋራዥ ጥግ የሚከርመው ብረቱ አስቸግሮ አይደለም፤ ሽቦው ነው።

ያው መልክ ሳይቆረጥ ይገኛል። በነበረው ማሰሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ ከኋላው ጉብ ያለ ነጠላ መቀመጫ ይሸጣል፤ ማሠራትም ይቻላል። ትልቁን የኋላ ፓራፋንጎ አውጥተህ በአጭር ብትተካው፣ ፍሬቻዎቹን ብታሳንስ ጭራው ከጎን ሲታይ በጣም ያጥራል። የኦሪጅናሉን ዕቃ በሳጥን አስቀምጥ። ሞተሩን የምትሸጥበት ቀን ከመጣ ያ ሳጥን ገንዘብ ነው።

የአየር ሳጥኑ ላይ ያለው አስተሳሰብ ከካርቡሬተር ዘመን የመጣ ነው። ሳጥኑ ሞተሩን ያነቀው ይመስላል። እውነታው ሌላ ነው። ሳጥኑ ሲሊንደሮቹ የሚስቡትን አየር ያረጋጋል፤ መጠኑና የአፉ ርዝመት ተሰልቶ ነው የተሠራው፤ በተለይ ለመካከለኛው የሞተር ዙር፣ ማለትም ሁልጊዜ ለምትነዳበት። ኮን ፊልተር ስታስገባ ከጎን የሚመጣ ንፋስ ያውከዋል፣ ዝናብም ይገባል። የአንተ ሞተር ደግሞ ነዳጅ የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ፋብሪካው ባስቀመጠለት ሰንጠረዥ ነው። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር የሚያስተካክለው በቀስታ ስትነዳ ነው፤ ጋዙን እስከ ዳር ስትከፍት ሰንጠረዡን ብቻ ይከተላል። አየሩ በዝቶ ነዳጁ ካልተጨመረ ሞተሩ ይግላል፣ ጋዝ ስትሰጠው ይንተባተባል፣ ስትለቀው ከኋላ ይተኩሳል። መተኮሱን የጉልበት ምልክት አድርገው የሚደሰቱ አሉ፤ አይደለም። ነዳጁን አስተካክሎ በዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ማስለካት ይቻላል። የምታገኘው ግን ጥቂት የፈረስ ጉልበት ነው፣ እሱም ከላይኛው ዙር ላይ። ያንን ገንዘብ ሞላው ላይ አውለው። ድምፁን ከፈለግክ ማርሚታዎቹን ብቻ ቀይር። ለዚሁ ሞተር የተሠሩ፣ ቀለል ያሉ ጥሩ ማርሚታዎች አሉ፤ መጋጠሚያው ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ማድረግ አትርሳ። የጭስ ማውጫ ቱቦውን በጨርቅ መጠቅለሉን ተወው። እርጥበት ይዞ ብረቱን ከሥሩ ይበላዋል፣ አንተም አታየውም።

ኤቢኤሱ ላይ አልደራደርም። አታውጣው። የሚቀንሰው ክብደት ኢምንት ነው። ኤቢኤስ በሌለው ሞተር እርጥብ አስፋልት ላይ ደንግጠህ የፊት ፍሬን ብትጨብጥ ጎማው ይቆለፋል፤ የፊት ጎማ ከተቆለፈ መሪውን ለመያዝ ጊዜ የለህም። ክብደትህን ወደፊት በወሰድክበት ሞተር ላይ ደግሞ የፊት ፍሬኑ ሥራ ከድሮው ይጨምራል። ቱቦው ካስጠላህ በብረት መረብ በተሸፈነ ቱቦ ቀይረው። መልኩም ያምራል፣ ፍሬኑም ጠጠር ይላል። ፍሬን ዘይቱን አብረህ አድስ፤ አየሩን በደንብ አስወጣ።

ጎማ ስትመርጥ ዓይንህ እንዳይሸነግልህ። ጥርሱ አራት ማዕዘን የሆነ፣ የድሮ የሚመስል ወፍራም ጎማ ፎቶ ላይ ያምራል። ሞተሩን ስታጋድለው ግን የሚነካው መሬት ያንሳል፣ እርጥበት ላይም አይታመንም። የአንተ ሞተር ከፊት 100/90፣ ከኋላ 130/70 ነው፤ ሁለቱም 18 ኢንች። እዚያው ልክ ላይ ጥሩ የመንገድ ጎማ ግባ። ልኩን ከቀየርክ የጎማው ዙሪያ ይለወጣል፤ ኤቢኤሱ የሁለቱን ጎማ ፍጥነት እያነጻጸረ ስለሚሠራ ሊሳሳት ይችላል። ቸርኬህ ባለ ሽቦ ከሆነ ካላማዳሪያውንም አብረህ ቀይር፤ አሮጌ ካላማዳሪያ በአዲስ ጎማ ውስጥ ማስቀመጥ መንገድ ላይ ለመቆም መዘጋጀት ነው።

ታንኩ የጂቲው ይግባልህ ወይም የራስህን ቀባው። ቆርጠህ ጉልበት የሚገባበት ጎድጓዳ ላድርግለት እንዳትል። ነዳጁ ቢፈስስም ትነቱ ውስጡ ይቀራል፣ ብየዳ ሲነካው ይፈነዳል። ፋይበር ግላስ ታንክም አትግዛ፤ አልኮል የተቀላቀለበት ነዳጅ ሙጫውን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፣ የሟሟውም ወደ ነዳጅ መርጫው ይሄዳል። ፍሬቻዎቹን ኤልኢዲ ካደረግክ በፍጥነት ብልጭ ብልጭ ይላሉ፤ የሚስቡት ኤሌክትሪክ ስላነሰ የድሮው ሪሌ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ለኤልኢዲ የተሠራ የፍሬቻ ሪሌ ይፈታዋል። ስፖኪዮ ከእጀታው ጫፍ ላይ የሚገባውን ግዛ፤ ይታያልም ያምራልም። ሊቲየም ባትሪ ጥቂት ኪሎ ይቀንስልሃል፤ ከመግዛትህ በፊት ግን ሞተሩ ሲሠራ የሚሞላበትን ቮልቴጅ ለካ። ከ14.6 ከበለጠ ባትሪው አይቆይም።

ወረቀቱን አትርሳ። ሞተርህ ለሁለት ሰው ከተመዘገበ፣ መቀመጫው ነጠላ ሲሆን ብዙ አገር ላይ ምዝገባውም መስተካከል አለበት። የኢንሹራንስ ድርጅትህ የቀየርከውን ሁሉ በጽሑፍ ይወቅ። ያልተነገረ ለውጥ አደጋ በደረሰ ቀን ካሳ መከልከያ ምክንያት ይሆናል።

እኔ አንተን ብሆን ቅደም ተከተሌ እንዲህ ነው። በዚህ ሳምንት ምንም ሳልገዛ ሞላውን እለካለሁ፣ ጎማውንና ፍሬኑን አያለሁ። ከዚያ ክሊፕ ኦኑንና ሪርሴቱን አንድ ላይ አስገብቼ፣ ሌላ ምንም ሳልነካ 500 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። በ50 ኪሎ ሜትሩ ላይ የነካሁትን ብሎን ሁሉ በቶርክ ቁልፍ እንደገና እፈትሻለሁ፤ አዲስ ማነቂያ ቦታው ሲይዝ ይላላል። ወገቤና አንጓዬ ከለመዱት ፎርኩንና ሾክ አብዞርበሩን እሠራለሁ። ካልለመዱት የድሮው መሪ ሳጥን ውስጥ አለ፣ በአንድ ከሰዓት ይመለሳል። ከዚያ መቀመጫው፣ አጭሩ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታው። ቀለሙ መጨረሻ ላይ ይሁን። ሁሉም ነገር ተገጥሞ፣ ተነድቶ፣ የሚነካካው ቦታ ታይቶ ካለቀ በኋላ ሞተሩን ፈትተህ ቀባው። አስቀድሞ የተቀባ ታንክ የመጀመሪያው ጭረት የሚያርፍበት ክሊፕ ኦኑን ስትሞክር ነው።

ያን ሁሉ ሠርተህ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ጭራው አሁንም ረዘመብኝ ካልክ፣ ያኔ ሾክ አብዞርበሮቹን ፈትተህ ጎማው እስከ የት እንደሚወጣ ለክተህ፣ የምትቆርጥበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርገህ ፎቶውን ላክልኝ። ግራይንደሩን ከማስነሳትህ በፊት አብረን እናየዋለን።